አውቆ ከተወ ሰው ጋር

ጥቅምት 4

ድንቡሼ፣ ወንድሜ፣

ሁለት ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሁለቱም እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ያዩኛል። መልስ ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። ስለ ጤናህ፣ ስለ ሱቅህ፣ ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይ ብዬ ልጠይቅህ ነበር፤ ግን አንተ ቀድመህ ጠይቀኸኛልና የአንተን ልመልስ።

አዎ፣ ልክ ነህ። ከደብዳቤዬ ግርጌ እማዬ በራሷ እጅ የምትጽፋት መስመር ቀርታለች። አሥር ዓመት ሙሉ «ልቦናህን ይመልስልህ፤ እናትህ» ስትል ኖራ ድንገት ዝም ማለቷ እንዳሳሰበህ ገብቶኛል። «አዲስ የተቀየመችኝ ነገር አለ ወይ?» ያልከው ግን አሳቀኝ። አሮጌው መች አለቀና ነው ለአዲስ ቅያሜ ቦታ የሚተርፋት? አልተቀየመችም። ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏት ነው።

ሐምሌ ማለቂያ ላይ ነው። ጠዋት ልትለባብስ ስትነሳ ወደቀች። ሐኪሙ የአንጎል ደም ሥር ነው አለ። ቀኝ ጎኗ ሰነፈ፣ ከንፈሯ በአንድ በኩል ትንሽ ወረደ። አእምሮዋ ግን ያው የምታውቀው ነው። አንደበቷም ይዘገያል እንጂ የሚለውን አያጣም። እስካሁን ያልነገርኩህ «እንዳትነግሪው» ብላኝ ነው። ለምን ስላት፣ «ከሰማ ይመጣል፤ ከመጣ ምን አደርገዋለሁ?» አለች። ስልኩም ያለው እሷ ራስጌ ነው፤ ጆሮዋ ደግሞ ከሁላችንም ይሻላል። ለዚህ ነው መደወል ያልቻልኩት።

እኔ እዚያው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነኝ። ጠዋት አጥቤያት፣ አብልቼያት እወጣለሁ። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት መሐል አንሶላ ስተኩስ ውዬ እመለስና አሁንም አንሶላ እለውጣለሁ። ምሳ የሚያበሏት የጸሎት ቤታችን ጉባኤ ሴቶች ናቸው፤ በተራ ይመጣሉ። አንተ እንደምታስባቸው አይደሉም፣ ድንቡሼ። እግሯን ያሹላታል፣ ጸጉሯን ያበጥሩላታል፣ አንዷማ በማንኪያ ስታጎርሳት እንደ ሕፃን እየዘፈነች ነው። እማዬ ታፍራለች፤ ግን ትበላለች።

ና ለማለት አይደለም የጻፍኩት፤ ደክሞኝ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትቆጣ፦ አሁንም እንደዚያው ነህ?

እህትህ


ጥቅምት 15

እታለም፣

ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። የአንድ ደንበኛ መነጽር መስተዋት እየሞረድኩ ነበር። አንብቤ ጨርሼ ወደ ሥራዬ ስመለስ፣ ሳላየው ጠርዙን ከልኩ በላይ በልቼዋለሁ። ጣልኩትና ሌላ ጀመርኩ። ሁለተኛውንም አበላሸሁት። ሱቁን ዘግቼ ቤቴ ሄድኩ።

አልተቆጣሁም። ግን ከሁለት ወር በላይ፣ እታለም! እኔ እዚህ ስለ ወገቤ ስጽፍልሽ!

ለጠየቅሽኝ መልሱ አዎ ነው፤ እንደዚያው ነኝ። ያኔ ጸሎት ቤት ውስጥ ተነስቼ «አላምንም፤ የማምን መስዬም መቀመጥ አልችልም» ያልኩ ቀን ከነበርኩበት ንቅንቅ አላልኩም። ሌሎቹ እንዳደረጉት ቀስ ብዬ መቅረት እችል ነበር፤ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። እማዬ ግን አፌንና ልቤን ለየብቻ እንዳላኖር አድርጋ አሳደገችኝ። እንዳሳደገችኝ አደረግኩላት፤ እሱ ነው የቆጫት።

ከዚያ ቀን በኋላ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ። «አውቆ ከተወ ሰው ጋር አንድ ማዕድ አትቅረቡ» ይላል መጽሐፉ ተባለ። ለእኔ ሌላ ሳህን፣ ሌላ ብርጭቆ፣ ሌላ ሰዓት። አንድ ቀን ግን ምግቤን አጓድላብኝ አታውቅም። ከተሠራው ሁሉ የተሻለውን ትለይልኝና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ በሩን ዘግታብኝ ትወጣለች። ዓመት ሙሉ በሩ ተዘግቶብኝ ጥሩ ጥሩውን በላሁ። ከዚያ አልዋጥልህ ሲለኝ ነው አገር የለወጥኩት።

ደብዳቤው ውስጥ አጣጥፈሽ የላክሻትን ትንሿን ወረቀትም አግኝቻለሁ። ተመልሻለሁ በል፣ አንዲት ቃል ናት፣ ከዚያ ሁሉም ይቀላል ብለሻል። ሐሳብሽ ገብቶኛል። ለጉባኤው ሰብሳቢ መዋሸት እችል ይሆናል። ለእሷ ግን አልችልም። ደግሞ ዓይኔን አይታ ታውቅብኛለች፤ ያኔ ሁለት ጥፋት ይሆናል።

አሁን የእኔ ተራ ነው። «ደክሞኝ ነው» ብለሽ ጽፈሽልኝ አታውቂም። አባባ የታመመ ጊዜ እንኳ አላልሽም። ምን ደብቀሽኛል? ደግሞስ እኔ ብመጣ ሴቶቹ ይቀራሉ?

ወንድምሽ


ኅዳር 2

ድንቡሼ፣

ይቀራሉ። ከኋለኛው ጥያቄህ የጀመርኩት ቀላሉ እሱ ስለሆነ ነው። አንተ ወጥ ቤት በምትገባበት ቤት መጥተው ማገልገል አይችሉም። በክፋት አይምሰልህ። ያቺ እየዘፈነች የምታጎርሳት ሴት አቅፋኝ አልቅሳ ነው የነገረችኝ።

አዎ፣ ደብቄሃለሁ። ለወንድም የሚነገር ነገር ባይሆንም ምን ላድርግ። ማኅፀኔ ውስጥ እባጭ አለ። ክፉ አይደለም ብለዋል፤ ግን ደም እየፈሰሰኝ ስለሆነ መውጣት አለበት። የእኛው ሆስፒታል ይህን አይሠራም፤ ወደ ትልቁ ጻፉልኝና ለኅዳር 20 ቀጠሮ ሰጡኝ። የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሦስት ሳምንት እቆያለሁ። ሴቶቹ ለምሳ ይደርሱላት ይሆናል እንጂ ውለው የሚያድሩላት የሉም፤ ሁሉም ባልና ልጅ አለባቸው።

ስለዚህ ሰብሳቢው ቢሮ ሄድኩ። ነገሩን ሁሉ ሰሙኝ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «አብሮ መብላትና ማብላት ይለያያል» አሉኝ በመጨረሻ። «እሱ ሳይበላ ቢያጎርሳቸው እንደ አስታማሚ ይቆጠራል። ማዕድ አይባልም።» እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። እየሮጥኩ ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት።

ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ሰብሳቢ የምትዪውን ልጅ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ማዕድ ምንድን ነው ስለው፣ የአንዱ እጅ ለሌላው አፍ የሚደርስበት ብሎ የመለሰልኝ እሱ ራሱ ነው። አሁን ለእኔ ሲል ቃሉን ያጠብበዋል?»

«እማዬ፣ ሰብሳቢው ፈቅደዋል እኮ!»

«ይፍቀድ። እኔ አልፈቀድኩም። ልጄ ነው፣ ቤቱ ነው፣ ይምጣ። ከእጁ ግን አልበላም።»

«ሦስት ሳምንት በራብ ልትሞቺ ነው?»

«ሦስት ሳምንት ምን አላት» አለች።

ወጥ ቤት ገብቼ የውሃ ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ። ሳቅም ልቅሶም ሆነብኝ። በእሷ ቤት እኮ ለእግዜር አንድ ውለታ መዋሏ ነው። አልፈርድባትም፣ ወንድሜ፤ እኔም የማምነው እሷ የምታምነውን ነው። ብቻ እሷ ስታምነው ሌላ፣ እኔ ሳጥብ፣ ስተኩስ፣ ሳበላ የማምነው ሌላ ሆኖብኛል።

መምጣት ከቻልክ ና። ካልቻልክ አልቀየምህም።

እህትህ


ኅዳር 25፣ ከእማዬ ቤት

እታለም፣

እንኳን ተረፍሽልኝ። ትናንት የደወለችልኝ ነርስ «በደህና ወጥታለች፣ ነቅታለች፣ ትነጫነጫለች» አለችኝ። መነጫነጭሽን ስሰማ እፎይ አልኩ። በእሷው በኩል «በላች ወይ?» ብለሽ አስጠይቀሻል። ስልኩ እማዬ ራስጌ ስለሆነ አፍ አውጥቼ አልመለስኩላትም። አሁን በላች። መጀመሪያ ግን ያልበላችበትን ልንገርሽ።

የገባሁት አንቺ በወጣሽበት ቀን ከሰዓት ነው። ጎረቤት ቁልፍ ሰጠኝ። በር ላይ ስቆም ብዙ አየችኝ። «ድንቡሼ የታል?» አለች። «እኔ ነኝ» አልኳት። «አንተማ አጥንት ነህ። እሱን የት አደረስከው?» አሥር ዓመት ያላየኋት እናቴ ያለችኝ የመጀመሪያው ቃል ይሄ ነው። ሳቅኩ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ሾርባ ሠራሁ። ማንኪያውን ሳቀርብላት ከንፈሯን ገጠመች። የታመመው በኩል አልገጥም ሲላት በግራ እጇ ደግፋ ገጠመችው። እንደሱ ነው የዘጋችብኝ። ውሃ ጠጣች፤ «ውሃ ማዕድ አይደለም» አለች። በማግስቱም እንደዚያው። ለመንኳት። መጨረሻ ላይ ጮኽኩባት፣ ይቅር በይኝ።

«አምላክሽ በራብ እንድትሞቺ ነው የሚፈልገው?»

«የማታውቀውን ሰው አታማ» አለችኝ።

ወጥቼ ጓሮ ተቀመጥኩ። ትታኝ ልትሞት ነው ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስገባ መጽሐፏን ጭኗ ላይ አድርጋ በግራ እጇ ገጽ ስትገልጥ አገኘኋት። ቀስ ብላ፣ ግን አንድ በአንድ። እንዴት ይህን ቀደም ብዬ አላሰብኩትም? ሁላችሁም ታጎርሷት ነበርና ማንም እጇን አልሞከረውም።

ከሱቄ ትንሽ የሥራ ዕቃ ይዤ መጥቼ ነበር። የማንኪያውን አንገት በእሳት አግዬ ወደ ግራ አጠፍኩት፤ መያዣውን እንዲወፍርላት በጎማ ጠቀለልኩት። ጎድጓዳ ሳህን እንዳይንሸራተት ጣውላ ላይ አጣበቅኩና ከፊቷ አስቀመጥኩት። ምንም ሳልል ሾርባውን ቀዳሁ። አየችው። እኔንም አየችኝ።

«ማን ነው የሚያጎርሰኝ?»

«አንቺው።»

በሩን ልዘጋላት ስል «ተወው፣ ክፍት ይሁን» አለች። ኮሪደሩ ላይ ሆኜ የማንኪያውን ድምፅ ሰማሁ። ግማሹ ደረቷ ላይ ፈሰሰ። አንድ ሰዓት ፈጀባት። ስትጨርስ ገብቼ ሸሚዟን ለወጥኩላት፤ ላብ በላብ ሆና ነበር፣ እንደ አሸናፊ።

ስለ ራስሽ ምንም አልነገርሽኝም። ቁስሉ እንዴት ነው?

ወንድምሽ


ኅዳር 30፣ ከሆስፒታል

ድንቡሼ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ በአጠገቤ ለተኛችው ሴትዮ አነበብኩላት፤ እሷም አለቀሰች። አራት ወር ሙሉ ሳጎርሳት እጇን አልሞከርኩትም፤ እውነትህን ነው። ሰው ሲቸኩል ማጉረስ ይቀለዋል።

ቁስሉ ትንሽ መግሏል። እንዳትደነግጥ፤ በየቀኑ ይጠርጉታል። ብቻ ካልኩህ ቀን አልፋለሁ። ለእማዬ «እዚያም አንሶላ የሚያጥብ ጠፍቶ አስቀሯት» በላት። አይ፣ አንተ አትዋሽም። እንግዲያው ምንም አትበላት።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማንም አታውራ። ይህች ሴትዮ የእኛ አይደለችም፤ ሌላ ሃይማኖት ነው ያላት። ትኩሳት የያዘኝ ቀን ተነስታ ግንባሬን ይዛ በራሷ ጸሎት ጸለየችልኝ። ቃሉን አላውቀውም። እጇን ማንሳት ነበረብኝ። እጇ ግን ቀዝቃዛ ነበር፣ ደስ ይል ነበር። ስትጨርስ አሜን አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ምሳዋን ታካፍለኛለች። እኔም እበላለሁ። እሷ አውቃ የተወች አይደለችም፤ ከመጀመሪያውም የእኛ አልነበረችም። ስለዚህ ይፈቀድ ይሆናል። እንዲህ እያልኩ ሳሰላ ምግቡ ይቀዘቅዛል።

እህትህ


ታኅሣሥ 9

እታለም፣

ሰብሳቢው እንደጻፉልሽ በነርሷ በኩል አስነግረሽኛል፤ ምን ብለው እንደሆነ አላውቅም። የሆነውን ከእኔ ስሚው።

መነጽሯ ከሕመሙ ወዲህ አልሆናትም ነበር። አዲስ እስክሠራላት ከሰዓት ከሰዓት መጽሐፏን አነብላት ጀመር። ሰብሳቢው በሳምንት አንድ ቀን ይመጣሉ፤ እሳቸው ሲገቡ እኔ ጓሮ እወጣለሁ። ሰላምታ እንሰጣጣለን፣ እንደ ሁለት ዘበኛ። ባለፈው ሳምንት ከሄዱ በኋላ እማዬ፦

«ይዘልላል» አለችኝ።

«ማን?»

«ሰብሳቢው። ሲያነብልኝ አንተን የሚነካውን ቦታ ይዘልላል። እንዳላዝን ነው። እስኪ አንተ አንብበው።»

አነበብኩት። ገጹን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አውቆ ስለተወ ሰው የሚለውን ሁሉ፣ ማዕዱን፣ ሰላምታውን፣ አንድም ሳላስቀር ድምፄን ሳልለውጥ አነበብኩት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። «አልዘለልክም» አለች። «አትዝለል ብለሽ ነው ያስተማርሽኝ» አልኳት።

በማግስቱ ምሳ ስቀዳላት፣ «ሳህንህን ይዘህ ና» አለች። አልተንቀሳቀስኩም።

«አዝነሽልኝ ከሆነ ይቅር።»

«ሳህንህን አምጣ አልኩህ። ርቦኛል።»

«እማዬ፣ የምታደርጊውን ታውቂዋለሽ?»

«ሰው ሳስተምረው የኖርኩትን ነው የምትጠይቀኝ?»

«ታዲያ ቃሉ ተሳስቷል ማለት ነው?»

«ቃሉ ልክ ነው። የምጥሰው እኔ ነኝ።» ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ «ያ ሁሉ ሳህን መለየት እንድትመለስ ነበር። እንዲመለስ ነው የሚለው፤ እንዲጠፋ አይልም። ጠበቅኩህ። አልተመለስክም። አሁንም ብጠብቅ ደስ ባለኝ፤ ግን አርጅቻለሁ» አለች።

ተቀመጥኩ። በላን። ጨው አንሶታል አለችኝ፤ እውነቷን ነበር።

ሰብሳቢው ሲመጡ እንዳትነግራቸው ለመንኳት። ጓሮ ሆኜ በመስኮቱ ሰማኋት። «ከልጄ ጋር በልቻለሁ። ስድስት ቀን፣ ስድስት ምሳ። ስሜን ከማዕዱ አውጣ።» «እናታችን፣ በሕመም የተደረገ እኮ አይቆጠርም» አሉ። ድምፃቸው ራሱ ይለምን ነበር።

«የታመመው ቀኝ እጄ ነው፤ ጭንቅላቴ አይደለም። ጻፍ» አለቻቸው።

በር ላይ ስንተላለፍ ሊያዩኝ አልቻሉም። ጥላቻ አልመሰለኝም። ይሄን ሁሉ ዓመት ትክክል ነኝ ብዬ ኖሬ፣ እሷ በእኔ ምክንያት ከጉባኤዋ ስትወጣ ምንም አላሸነፍኩም። አንቺ እስክትመጪ እዚህ ነኝ።

ወንድምሽ


ጥር 6

ድንቡሼ፣

በደህና መግባትህን ጽፈህልኛል፤ ደስ ብሎኛል። ያልከውን መድኃኒት እየወሰድኩ ነው። ከባድ ዕቃ አላነሳም፤ ማጠቢያ ክፍልም ማጠፊያው ጋ አዛውረውኛል፣ ተቀምጬ እሠራለሁ።

«ምን ወሰኑባት?» ብለሃል። አንተ በሄድክ በአራተኛው ቀን ሰብሳቢው ወረቀት ይዘው መጡ። ቆመው አነበቡላት። አንድ ዓመት ከማዕድ ትለያለች፤ እስከዚያም የጉባኤው ሰው አብሯት አይበላም። እማዬ ጨርሰው እስኪያነቡ ጠበቀችና «አሁን አልዘለልክም» አለቻቸው። ሊስቁ ነው ስል አለቀሱ። እንዲቀመጡ ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

ሴቶቹ ቀርተዋል። ያቺ ዘፋኟ ግን በየሳምንቱ የታጠበ አንሶላ አጣጥፋ በር ላይ ትታ ትሄዳለች። አንኳኩታ አታውቅም። ሁለት ጊዜ በመስኮት አይቻታለሁ፤ እንዳላየሁ ሆንኩላት።

አሁን ደግሞ ያላሰብኩትን ልንገርህ። እኔ የጉባኤው ሰው ነኝ፤ እማዬ አሁን አይደለችም። የመጀመሪያው ዕለት ምሳ ይዤላት ገብቼ ልቀመጥ ስል፣ «አንቺ ወጥ ቤት» አለችኝ።

«እማዬ፣ እባክሽ!»

«እኔ የጣስኩት ይበቃል። አንቺን ይዤ አልወጣም። በሩን ዝጊው።»

ስድስት ቀን ወጥ ቤት ቆሜ በላሁ። ድሮ በሩን ስትዘጋብህ እኔ ከእሷ ጋር ከበሩ ወዲህ እንደነበርኩ ታስታውሳለህ? እኔ ረስቼው ነበር። አንድም ቀን «ክፈቺለት» አላልኳትም። ይቅርታ ጠይቄህም አላውቅም፤ ይሄው እየጠየቅኩህ ነው።

በሰባተኛው ቀን ከሥራ ስመጣ እግሬ አልሸከም አለኝ። ሳህኔን ይዤ ገባሁና ከፊቷ ተቀመጥኩ። ተቆጣች፤ እኔ በላሁ። በማግስቱም እንዲሁ።

ሰብሳቢው ትናንት መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ ቀስ ብለው «አንቺስ የት ነው የምትበዪው?» አሉኝ። «ወጥ ቤት» አልኳቸው። ውሸት ሳልለምድ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ፊቴ ጋለ። እሳቸውም አወቁ፤ «ደግ ነው» ብለው ቶሎ ሄዱ። በዚያ ማለፍ እችል ነበር። እንደ ብዙዎቹ።

ዛሬ ግን ከሥራ መልስ ቢሯቸው ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። «ባትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። «ደክሞኝ ነው» አልኳቸው። ወረቀት አወጡና ጻፉ። ስሜን ሁለት ጊዜ ተሳሳቱት።

ቤት ስገባ እማዬ ፊቴን አይታ፣ «ነገርሽው?» አለች።

«ነገርኳቸው።»

ትገስጸኛለች ብዬ ኮቴን ሳላወልቅ ቆሜ ጠበቅኩ።

«በይ ቁጭ በይ» አለች፤ «ሳይቀዘቅዝ።»

እህትህ